በአትራክታ ስም የተጻፈ ቀብር

በድሩምላራ መንደር ሙታንን ከአትራክታ ጊልሬን የበለጠ የሚያውቅ ሰው የለም። ስድሳ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ባል አላገባችም፤ ፖስታ ቤቱ እስኪዘጋ ድረስ ቴምብር ስትለጥፍ ኖራለች። በየበጋው ደግሞ "ቅድመ አያቴ ከዚህ ነው የተሰደደው" እያሉ ከአሜሪካና ከአውስትራሊያ የሚመጡትን እየመራች መቃብር ለመቃብር ትዞራለች። ለስላሳ ብሩሽ፣ አንድ ጠርሙስ ውሃና ትንሽ የመላጫ መስታወት ከቦርሳዋ አይጠፉም። የድንጋዩ ጽሑፍ የደበዘዘ እንደሆነ በመስታወቱ የፀሐይ ብርሃን ከጎን ትለቅበታለች፤ ጠፋ የተባለው ፊደል ብቅ ይላል። ድንጋይ በሽቦ ብሩሽ ሲፈትግ ያገኘችው ሰው ግን አያድርስበት። የአንዱን የቦስተን ጠበቃ ብሩሽ ነጥቃ ከግንቡ ማዶ ላሞቹ መሀል ወርውራለታለች።

ከሁሉ በላይ የሚያናድዷት ችኩሎቹ ናቸው። የሚፈልጉትን ስም የጥምቀት መዝገብ ላይ ገና ሲያዩ "አገኘሁት!" ብለው እንባቸውን የሚያፈሱ አሉ።

"ቆይ እንጂ የኔ ጌታ!" ትላቸዋለች። "ይሄ ልጅ ማደጉን በምን አወቅህ? እዚህ አገር ልጅ ሲሞት ስሙን ለሚቀጥለው ይሰጡታል። ስም ብቻውን ሰው አይደለም። መጀመሪያ የቀብሩን መዝገብ እይ፤ ከዚያ ታለቅሳለህ።"

ለሰው እንዲህ የምትመክር ሴት የራሷን ጓዳ አንድ ቀን ዞር ብላ አላየችም። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች ማለት እንዲህ ዓይነቷን ነው።

እናቷ ዊኒ በዘጠና ሦስት ዓመቷ፣ ጥቅምት ውስጥ፣ ማክሰኞ ጠዋት አረፈች። ከመሞቷ ሁለት ሳምንት ቀደም ብላ ሁለቱን ልጆቿን፣ አትራክታንና ታናሿን ፌሊምን፣ አልጋዋ አጠገብ ጠርታቸው ነበር።

"ከአባታችሁ ጋር እንዳትቀብሩኝ" አለቻቸው። "አሮጌው መቃብር ውስጥ፣ በምሥራቁ ግንብ ሥር፣ ከአያቶቼ ጋር አድርጉኝ።"

"አባዬ ምን በደለሽ?" አለ ፌሊም።

"ምንም አልበደለኝም። አድርጉኝ አልኩ፣ አድርጉኝ ነው።"

ሌላ ነገር አልተነፈሰችም። በድሩምላራ ሚስት ከባሏ ተለይታ ስትቀበር ታይቶ አይታወቅም። ደግሞም የአባትየው ድንጋይ ላይ የእሷ ስም ሠላሳ አምስት ዓመት ሙሉ ተቀርጾ፣ የሞተችበት ዓመት ብቻ ሳይሞላ ይጠብቃታል። ፌሊም የእናቱ ሬሳ ገና ታጥቦ ሳያልቅ ወጥ ቤት ገብቶ ጦርነት ከፈተ።

"እብደት ነው! ሰው ምን ይላል? ተጣልተው ኖረዋል ነው የሚለው!"

"ሰው የፈለገውን ይበል። ቃል ሰጥተናል።"

"አንቺ ነሽ የሰጠሽው። እኔ ዝም ነው ያልኩት።"

"ዝምታህ እንደ እሺታ ነው የተቆጠረው።"

"እሺ በያ፣ አንቺ የመቃብር ሊቅ፣ በምን መብት ልታስከፍቺው ነው?"

እዚህ ላይ ፌሊም እውነት ነበረው። አሮጌው መቃብር ከተዘጋ ቆይቷል። የአውራጃው ጽሕፈት ቤት መቃብር እንዲከፈት የሚፈቅደው ባለፉት መቶ ዓመታት ውስጥ እዚያው ቦታ ላይ ሰው ለቀበረ ቤተሰብ ብቻ ነው። በምሥራቁ ግንብ ሥር ያለው የእናቷ አያቶች ድንጋይ ላይ የመጨረሻው ዓመት 1898 ነው። ቀብሩ ሐሙስ ነው። ጽሕፈት ቤቱ ማስረጃውን እስከ ረቡዕ ቀትር ካላየ ዊኒ የምትገባው እምቢ ያለችው ጉድጓድ ነው።

"ረቡዕ ቀትር" አለ ፌሊም። "ካመጣሽ አፌን እዘጋለሁ። ካላመጣሽ ከአባዬ ጋር ነው፤ አለቀ።"

ረቡዕ ጠዋት ቤቱ በለቀስተኛ ተሞልቶ፣ ሻይና ሳንድዊች ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር፣ አትራክታ ካፖርቷን ደርባ የቀብር መዝገቡን ለማየት ወደ ቄሱ ቤት ሄደች። አባ ኮልማን ገና አርባ ያልሞላቸው፣ ቀልድ የሚወዱ ሰው ናቸው፤ ቁርሳቸውን እየበሉ አገኘቻቸው።

"እትዬ አትራክታ፣ የመዝገቦቹ ቁም ሣጥን ክፍት ነው፤ ይግቡ። ከእኔ ይልቅ እርስዎን ነው የሚያውቅዎት" አሏት፣ የእንቁላላቸውን ቅርፊት በማንኪያ እየሰበሩ።

የቆዩትን መዝገቦች በቃሏ ታውቃቸዋለች። የመጨረሻውን፣ አረንጓዴ ሽፋን ያለውን ግን ከፍታው አታውቅም። የእንግዶቿ ሙታን ሁሉ የድሮ ሙታን ናቸው፤ ከ1930 ወዲህ የሞተ ሰው የሚፈልግ መጥቶባት አያውቅም። ቆማ ገለጠችው። በጣቷ ወደ ታች እየተከተለች የእናቷን ወገኖች ስም ፈለገች፤ አጣች። ገጽ ገለበጠች፤ አጣች። ሌላ ገጽ ገለበጠች።

መጋቢት 9 ቀን 1952። አትራክታ ጊልሬን፣ ድሩምላራ። ዕድሜ ሰባት ሳምንት። የሞት ምክንያት ትክትክ። አባት ቶማስ። ቦታ፣ የምሥራቅ ግንብ።

መጀመሪያ ሳቀች። የእኔን ልደት ሞት ብሎ የጻፈው የትኛው ሰካራም ነው አለች። ከዚያ ቀኑን ደግማ አየችው። እሷ የተወለደችው ታኅሣሥ 1953 ነው። ይህች ልጅ ስትቀበር እሷ በእናቷ ማህፀን እንኳ አልነበረችም። ያኔ የቁም ሣጥኑን በር ይዛ ቀስ ብላ ወለሉ ላይ ተቀመጠች። አባ ኮልማን ማንኪያቸውን እንደያዙ ሮጠው መጡ።

"ምን ሆኑ? ሐኪም ልጥራ?"

"ሞቻለሁ" አለቻቸው፣ ጣቷን መዝገቡ ላይ አድርጋ። "ያንብቡት። ሞቼ ተቀብሬአለሁ።"

ቄሱ አነበቡ። የገጹንም ቅጂ አውጥተው ሰጧት።

ቤት ስትመለስ በቀጥታ ሬሳው ያለበት ክፍል ገባች። የእናቷ ታናሽ እህት ዲምፕና፣ የሰማንያ ስምንት ዓመት አሮጊት፣ በሳጥኑ ራስጌ ተቀምጣ መቁጠሪያዋን ትቆጥራለች።

"አክስቴ፣ አትራክታ ማናት?"

"አንቺ ነሻ! እንቅልፍ ማጣት አዞረሽ እንዴ?"

"ባምሳ ሁለት በትክትክ የሞተችው አትራክታስ?"

የዲምፕና ጣቶች መቁጠሪያው ላይ ቆሙ። ፈቃድ የምትጠይቅ ይመስል ወደ እህቷ ሬሳ አየች።

"በሩን ዝጊው" አለች። "ቀይ ፀጉር ነበራት። የአባትሽ ቤት መቃብር በዚያው የገና ሰሞን ለወንድ አያትሽ ተከፍቶ ነበርና ቶሎ አይከፈትም አሉ። ስለዚህ ከእኛዎቹ ጋር ገባች። አባትሽ ሳጥኗን በብብቱ ይዞ በእግሩ ሄደ። እናትሽን 'አንቺ እቤት ቆዪ' አሏት።"

"እኔስ? እኔ እንዴት ሆኜ ነው በሟች ስም የተጠራሁት?"

"እናትሽ ማርጋሬት ልትልሽ ነበር። ያን ጊዜ ግን እናት ልጇ ስትጠመቅ አትገኝም፤ አራስ ነበረች፣ ቄስ ሳይባርካት ቤተ ክርስቲያን አትገባም። ታቅፋሽ የሄደችው የአባትሽ እናት ናት። ስትመለስ፣ 'አትራክታ ብለናታል፤ ስሙ ከቤታችን አይጠፋም' አለች። እናትሽ 'አትራክታማ ሌላ ልጅ አለችኝ' ብላ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። እኔ እዚያው ቆሜ ነበር።"

"ለምን አልነገረችኝም? ስድሳ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ!"

"ያኔ ማን ይናገራል ልጄ? ይቀብራሉ፣ ዝም ይላሉ፣ ላም ያልባሉ።"

አትራክታ እናቷን አየቻት። ዊኒ በሕይወቷ አንድም ቀን በስሟ ጠርታት አታውቅም። "ልጅት" ነበር የምትላት፤ ትምህርት ቤት ስትሸኛት ልጅት፣ ባለፈው ሳምንት ውሃ ስትለምናት ልጅት። አትራክታ ይህን እንደ ንቀት ይዛው፣ እናቴ አትወደኝም ብላ በሃያ ዓመቷ ደምድማ፣ በዚሁ ቂም አርጅታለች። አሁን በሬሳው ፊት አፈረች። የአባቷ እናት በሕይወት ብትኖር ደግሞ አትራክታ አንገቷን ታንቃት ነበር።

የመዝገቡን ቅጂ ወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ፣ ከሳንድዊቹ አጠገብ፣ ፌሊም ፊት አኖረችው።

"ስህተት ነው" አለ ፌሊም አንብቦ።

"አክስትህን ጠይቃት።"

ገብቶ ጠየቀ። ማንንም ሳያይ፣ ካፖርቱን ሳይለብስ በጓሮ በር ወጣና ማስረጃውን ራሱ ይዞ ወደ ጽሕፈት ቤቱ ነዳ። ከዚያ በኋላ እስከ ማግሥቱ ድረስ ከእህቱ ጋር አልተነጋገረም።

ፈቃዱ ወጥቶ ከሰዓት በኋላ አራት ጎረቤቶች በምሥራቁ ግንብ ሥር ቆፈሩ። ሐሙስ ጠዋት አባ ኮልማን በጉድጓዱ አፍ ቆመው፣ አትራክታ በነገረቻቸው መሠረት፣ ጮክ ብለው አነበቡ።

"ለዊኒ፣ ለአያቶቿ፣ እዚህ አብራት ለምታርፈው ለልጇ ለአትራክታ፣ የዘላለም ዕረፍት ስጣቸው።"

የሕዝቡ አንገት ሁሉ ወደ እሷ ዞረ። አንዲት ሴት ደንግጣ አማተበች፤ አንዱ ሽማግሌ "ቄሱ አበዱ!" ሲል ተሰማ። አትራክታ ቀና ብላ ከሁሉም በላይ ጮኻ "አሜን!" አለች።

ቀብሩ እንዳበቃ ሰው ተሰልፎ "እግዚአብሔር ያጽናችሁ" እያለ እጅ እየጨበጠ አለፈ። ወንድምና እህት ጎን ለጎን ቆመው የመቶ ሰው እጅ ተቀበሉ። የመጨረሻው ሰው ካለፈ በኋላ ፌሊም ከጎኗ ወጣ። ዞሮ ፊት ለፊቷ ቆመ፤ ባርኔጣውን አወለቀና እንደ ማንኛውም ለቀስተኛ እጁን ዘረጋላት።

"እግዚአብሔር ያጽናሽ" አላት። "ለእማዬ አይደለም፤ ለእህትሽ ነው። እስከ ዛሬ ማንም አላለሽም።"

"ላንተም እህትህ ናት" አለችው፤ እጁን ግን አልለቀቀችም።