የጠፋችው የጥያቄ ምልክት

አክስቴ በሙዚየሙ ምድር ቤት ሃያ ስድስት ዓመት የጥንት እንስሳት አጥንት ስትጠርግ ኖራለች። ድንጋይና አጥንት ሲምታታባት በምላሷ ጫፍ ትነካዋለች፤ አጥንት ከሆነ ይጣበቃል። ባልደረቦቿ «ቀማሿ» ይሏታል። እኔም ሕፃን ሳለሁ ስትስመኝ ጉንጬን እጠርግ ነበር፤ የስንት ሚሊዮን ዓመት አቧራ እንዳቀበለችኝ ማን ያውቃል።

ጡረታ ልትወጣ ሁለት ወር ሲቀራት ዕቃው ሁሉ ወደ ሌላ ሕንፃ እንዲዛወር ታዘዘ። መሳቢያዎቹን ስታሽግ «አዞ» የሚል ካርድ የተለጠፈበትን ከፈተች። ውስጡ ገና ከድንጋይ ያልተላቀቀ የመንጋጋ ቁራጭ ነበር። እጇ አላስችል ብሏት በመርፌ ፋቅ ፋቅ አደረገችው። የአዞ ጥርስ ወፍራምና ሾጣጣ ነው፤ ይሄ ግን እንደ ቢላ የሳሳ፣ ጠርዙም እንደ መጋዝ ጥርስ ጥርስ ያወጣ ሆኖ አገኘችው። ምሳዋን ረሳች። እሷ ደግሞ ምሳ የምትረሳ ሰው አይደለችም።

ካርዱን ስትልጠው ከሥሩ ሌላ የደበዘዘ ካርድ ወጣ። ክፍሉን በሚመሩት ፕሮፌሰር እጅ ጽሑፍ «አዞ?» ይላል። የላይኛው ጽሑፍ የራሷ ነው። ከአሥራ ስምንት ዓመት በፊት ቧንቧ ፈንድቶ ካርዶቹ ሲበላሹ፣ በዚያ በሚያምር ጽሑፏ የገለበጠቻቸው እሷ ነበረች፤ የጥያቄ ምልክቷን የቀለም ጠብታ መስላት ዘላታለች።

ማታ ቤት ስትገባ ነገረችኝ።

«ዝም ብል ማን ያውቅብኛል?»

«ማንም» አልኳት።

«ዝም ካልኩ ደግሞ ታሽጎ ይቀራል። ምን እንደሆነ ሳላውቅ ጡረታ ልውጣ?»

ብትናገር የሃያ ስድስት ዓመት ስሟ ይጎድፋል። ፈርታ ነበር፤ እንቅልፍም አልወሰዳት።

በማግስቱ መንጋጋውንና ሁለቱን ካርዶች ይዛ ፕሮፌሰሩ ቢሮ ገባች። ጥርሱን በአጉሊ መነጽር ሲያገላብጡ ቆዩ። ከዚያ ካርዶቹን አዩ።

«ጥፋቱ የኔ ነው፣ ጌታዬ» አለቻቸው።

«እኔ'ኮ የጥያቄ ምልክቷ መጥፋቷን ሳይ፣ ከኔ የተሻለ የሚያውቅ ሰው አይቶት፣ አዞ ነው ብሎ የቆረጠ መስሎኝ ነበር» አሉ። «ማን እንደሆነ ለመጠየቅ አፍሬ ነው እስከ ዛሬ ዝም ያልኩት።»

ከዓመት በኋላ መንጋጋው ማንም አይቶት የማያውቅ የአዲስ ሥጋ በል ዳይኖሰር መሆኑ ተረጋገጠ። ያን ዕለት ግን ገና ስም አልነበረውም። ፕሮፌሰሩ ባዶ ካርድና እስክሪብቶ ሰጥተዋት፣ «በዚያ በሚያምር ጽሑፍሽ ጻፊበት» አሏት።

አክስቴ ጥቂት አሰበችና አንድ የጥያቄ ምልክት ብቻ ጻፈች፤ የቀለም ጠብታ እንዳትመስል፣ ካርዱን ሞልታ።