የባለጀልባውን ፈቃድ ፍለጋ

መነሻ

ለንደን የሄድኩት አንድን ሽማግሌ ፈቃድ ልጠይቅ ነው። ሰው ሊነግድ፣ ሊታከም፣ ዘመድ ሊጠይቅ ይሄዳል፤ እኔ የራሴን ምክንያት ስናገር ባልደረቦቼ በሳቅ ፈረሱ። ይሳቁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ለረጅም ዘመን የመድረክ ተዋናይ ነበርኩ። ኋላ የመድረኩ ሥራ ሲቀዘቅዝ፣ የውጭ ድራማ በአማርኛ ድምፅ የሚያለብስ ስቱዲዮ ቀጠረኝ። ለእኔ የደረሰኝ ፒዮ ዶክሱን የሚባል አንጋፋ የኮሪያ ተዋናይ ነው። በድራማው ውስጥ ወንዝ የሚያሻግር ባለጀልባ፣ አንድ ሴት ልጁን ያለ እናት ያሳደገ አባት ሆኖ ይጫወታል። እሱ አፉን ይከፍታል፣ እኔ እናገራለሁ። ስድስት ዓመት እንዲህ ኖርን። ታክሲ ውስጥ «ወራጅ አለ!» ስል ተሳፋሪው ዞሮ «ባለጀልባው!» ይለኛል እንጂ ፊቴንስ ማንም አያውቀው።

ዘንድሮ ፒዮ የተጫወተበት ሌላ ድራማ መጣና ስቱዲዮው «ጀምር» አለኝ። እምቢ አልኩ። የድሮ የመድረክ ጓደኞቼ «የሰው አፍ ተከራይተህ ትኖራለህ» እያሉ ይቀልዱብኝ ነበር። ቀልድ ነው፤ ግን ውስጤ ገብቶ ቀረ። አንድን ትልቅ ሰው ሳያውቅ፣ ሳይፈቅድ፣ ይህን ያህል ጊዜ በአፉ ማውራት ምን ይባላል? የጎረቤት መጥረጊያ እንኳ ሲወሰድ «ልውሰድ?» ይባላል። ፒዮ የመድረክ ስንብቱን ለንደን ውስጥም እንደሚያሳይ ስሰማ ያለችኝን ጥሪት አሟጥጬ ተነሳሁ። «እሺ» ካለኝ እቀጥላለሁ፣ «እምቢ» ካለኝ አቆማለሁ። አለቃዬ ይህን ሲሰማ «ከድር፣ ጤና የለህም» አለኝ።

ባዶ እጅ ወደ ሽማግሌ አይኬድም። እኛ የመድረክ ሰዎች ከትርዒት በፊት ጉሮሯችንን በማርና በዝንጅብል ነው የምናሟሸው፤ ስለዚህ አንድ ብልቃጥ ነጭ ማር ያዝኩ። ቦሌ ፍተሻው ላይ ተነጠቅኩ።

«ጋሼ፣ ፈሳሽ በእጅ አይፈቀድም» አለችኝ ፈታሿ።

«ማር ፈሳሽ ነው እንዴ?»

«አይፈስም?»

ማሬን ለእሷ ትቼ ገባሁ። አንድ ሌሊት በረርኩ፤ እንቅልፍ የሚባል በዓይኔ አልዞረም።

ዊልስደን

ጀማል ኤርፖርት ድረስ መጥቶ ተቀበለኝ። ጀማል ማለት በወጣትነታችን አብረን መድረክ ላይ የቆምን፣ ከዘጠና ሰባቱ ምርጫ በኋላ አገሩ ሲታወክ ወጥቶ በዚያው የቀረ ጓደኛዬ ነው። አሁን የአውቶቡስ ሹፌር ነው።

«ከድርዬ! ሸበትክ'ኮ!»

«አንተ ምን ይሸብትብህ? ፀጉሩ የታለ!»

ተቃቅፈን ቀረን። አማርኛው የወጣበት ጊዜ ላይ እንደቆመ ነው፤ አዲስ አበባ ሰው የተወውን የአራዳ ቃል ሁሉ እሱ ጋ አገኘሁት። መሃል ላይ ደግሞ «ሺፍቴን ስዋፕ አድርጌልሃለሁ» ይለኛል፤ የሥራ ተራዬን ከሰው ጋር ተቀያይሬልሃለሁ ማለቱ ነው።

ቤቱ ዊልስደን፣ አውቶቡስ የማይቋረጥበት ዋና ጎዳና ላይ፣ ከአንድ ፀጉር ቤት በላይ ነው። መስኮቱ በእያንዳንዱ አውቶቡስ ይንቀጠቀጣል። ለንደን ያደገችውና ካምደን ቢሮ የምትሠራው ልጁ ሃያት ሩዝ በሥጋ ሠርታ ጠበቀችን።

«ጋሽ ከድር፣ ዌልካም። ሶሪ፣ አማርኛዬ ግሬት አይደለም» አለችኝ። ከዚያ አፍዋን በእጅዋ ያዘች። «ኦ ማይ ጋድ! ድምፅዎ! አባዬ ሁልጊዜ እርስዎን ነው የሚያየው። ሂ ክራይስ፣ ሲሪየስሊ።»

«ውሸቷን ነው! መቼ አለቀስኩ!» አለ ጀማል፣ ሳህኑ ላይ አቀርቅሮ።

የትርዒቱን ሁለት ትኬት የገዛችልን እሷ ናት። ጀማል አልሄድም ብሎ ነበር። ከአገር ከወጣ ጀምሮ ቲያትር ቤት ረግጦ አያውቅም። ለምን እንደሆነ አልጠየቅኩትም፤ አውቀዋለሁ፤ ጥለውት የሄዱትን መድረክ ማየት ቁስል መንካት ነው። አብሮኝ ለመሄድ የተስማማው «መንገድ ይጠፋብሃል» በሚል ሰበብ ነው።

ሼፈርድስ ቡሽ

ማር ፍለጋ በማግስቱ ጠዋት ሼፈርድስ ቡሽ ገበያ ወጣን። ጥቅምት ነው፤ ብርዱ በጆሮ በኩል ይገባል። ከባቡሩ ድልድይ ሥር ጨርቅ ሻጩ፣ ዓሣ ሻጩ፣ ስልክ ጠጋኙ ተደርድሯል። ጀማል እትዬ ዘይነባ ወደሚባሉ እናት ሱቅ ወሰደኝ። በስደት ሱዳን ከርመው እዚህ የደረሱ፣ ሽሮውንም በርበሬውንም ሽቶውንም የሚሸጡ ሴት ናቸው።

«ማር አለዎት? ለጉሮሮ የሚሆን ጥሩ ማር» አልኳቸው።

ቀና አሉ። «እስቲ ድገመው።»

«ማር...»

«ያ ረቢ! ባለጀልባው!» ብለው ጠረጴዛውን ዞረው መጡ። «ልጅቷን የሸኛት ቀን ሱቄን ዘግቼ ነው ያለቀስኩት! ‹ሂጂ ልጄ፣ ወንዙን እኔ እጠብቀዋለሁ› ብሎ። እኔም እናቴን የተለየኋት ወንዝ ዳር ነው።»

የመጣሁበትን ነገርኳቸው። አልሳቁም። ከመደርደሪያው ላይ አንድ ብልቃጥ ማር አውርደው በጨርቅ ጠቀለሉት። አሥራ ሁለት ፓውንድ የሚል ወረቀት ተለጥፎበታል፤ ገንዘብ ሳወጣ እጄን መለሱት።

«ለሱ ከሆነማ አልሸጥም። ለድምፁ ይሁንለት በለው።»

ወደ ካምደን

የዚያኑ ዕለት ማታ ወደ ትርዒቱ ስንሄድ አውቶቡሱ ፎቅ ላይ፣ ፊት ለፊት ተቀመጥን። ጀማል መንገዱን ሙሉ የሌላውን ሹፌር ፍሬን ሲተች ቆየና፣ «ለመሆኑ ይሄ ሰውዬ ማነው?» አለኝ።

የማውቀውን ነገርኩት። ፒዮ ያደገው በኮሪያ ደቡብ፣ ባሕር ዳር፣ ጦርነቱ ባደቀቀው የዓሣ አጥማጅ ቤት ነው። በድንኳን የሚዞር የትርዒት ቡድን ሰፈሩ ሲመጣ መጋረጃ ሳቢ ሆኖ ተቀጠረ። መጀመሪያ የተሰጠው ሚና የሬሳ ነበር። በአንድ ቃለ መጠይቅ ላይ «መተንፈስን የተማርኩት ሬሳ ሆኜ ነው» ሲል አንብቤያለሁ። ከዚያ ዋና ከተማ ገብቶ በትንንሽ ቲያትር ቤቶች እየተራበ ተጫወተ። ፊልም የጠራው አርባውን ካለፈ በኋላ ነው፤ መጀመሪያ ወንበዴ አደረጉት፣ ሲሸብት አባት አደረጉት፣ አገሩ ሁሉ አባታችን አለው።

«በአገሩ ወታደሮች በገዙበት ዘመን ደግሞ» አልኩት፣ «ሳንሱሩ ቃለ ተውኔቱን በቀይ ይሰርዝበት ነበር። እሱ ምን ያደርጋል? የተሰረዘው ቦታ ሲደርስ ቆሞ፣ ያለ ድምፅ፣ በከንፈሩ ብቻ ይናገረዋል። ተመልካቹ ትንፋሹን ውጦ ያነብለታል። አልተናገረም፣ በምን ይከሰስ?»

ጀማል ከመስኮቱ ወደ እኔ ዞረ።

«እኛስ የተሰረዘብንን ምን እናደርግ ነበር?»

«ዘለን እናልፋለን።»

«ፈርተን።»

«ፈርተን» አልኩት።

ትርዒቱ

ቲያትር ቤቱ ካምደን፣ ካናል ከሚሉት የጀልባ ቦይ አጠገብ ያለ፣ ድሮ መጋዘን የነበረ ትንሽ ቤት ነው። በሩ ላይ ጀማል እግሩ ቆመ። አቧራ የጠጣ መጋረጃ፣ የመብራት ሙቀት፣ የፊት ቅባት ይሸታል። «ሽታው ያው ነው'ኮ» አለና ክንዴን ይዞ ገባ።

ተውኔቱ የማይመጣ ወንድ ልጁን ስለሚጠብቅ አባት ነው። ትርጉሙ በእንግሊዝኛ ከላይ ይታያል፤ እኔ አላነበብኩትም። ፒዮ ወጣ። በቴሌቪዥን ከማውቀው አጠር፣ ሳሳ ብሏል። አንገቱ ላይ ሻርፕ ጠምጥሟል።

በሙያዬ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ድምፅ የምታለብሰው ሰው ትንፋሽ ካልገባህ ቃሉ አይገባህም። ፒዮ ከመናገሩ በፊት ሁለት አጭር ትንፋሽ በአፍንጫው ይስባል። እኔም ከሱ ጋር እስባለሁ፤ ከዚያ እኩል እንነሳለን። በዚያ ምሽትም ምራቱ ስታናግረው ሁለት ጊዜ ሳበ፤ ሳላስበው እኔም ሳብኩ። ምንም አልመጣም። ጎረቤቱ ሲያናግረው ሳበ። ምንም። ተመልካቹ ሚናው ዝምታ ነው ብሎ ተቀብሎታል። እኔ ግን ያ ትንፋሽ የዝምታ ትንፋሽ እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ሊናገር የተነሳ ሰው ትንፋሽ ነው። መጋረጃው እስኪዘጋ ድረስ የማሩን ብልቃጥ ጭኔ ላይ ጨብጬ ቀረሁ። የሚሆነውን አላመንኩም፤ አላምንም አልኩ።

ከመጋረጃው ጀርባ

ጀማል ከበሩ ጠባቂ ጋር በእንግሊዝኛ ተነጋገረ፤ የተዋናዩ ሴት ልጅ መጣች። ጎልማሳ ናት፤ ረዳቱም አስተርጓሚውም እሷ ነች። ማን እንደሆንኩ ሲነገራት ግራ ገብቷት አየችኝና አስገባችን።

ፒዮ መስታወት ፊት ተቀምጦ ቅባቱን እየጠረገ ነበር። ተነሳ። እጅ ነሳሁ፤ እሱም ነሳ። ደግሜ ነሳሁ፣ ደገመ። ማሩን በሁለት እጄ አቀረብኩ፤ በሁለት እጁ ተቀበለኝ። እንደኛው ነው'ኮ! እፎይ አልኩና በተለማመድኳት እንግሊዝኛ፣ «ለድምፅዎ» አልኩት።

ልጅቷ አልተረጎመችውም። አንገቷን ደፋች። ከዚያ ለጀማል ቀስ ብላ ነገረችው፣ ጀማል ለእኔ።

«ከድር... ጉሮሮው ላይ ካንሰር ወጥቶበት ቀዶ ሕክምና አድርጓል። ድምፁ ሄዷል። ሁለት ዓመት ሆነው።»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ! ድምፅ ለሌለው ሰው የድምፅ ማር ይዤ፣ ባሕር ተሻግሬ መጣሁ። ብልቃጡን መልሼ ልወስድ እጄን ሰደድኩ፤ አልሰጠኝም። መሄድ ፈለግኩ። ድምፁን የተነጠቀን ሰው «በአፍህ ልናገር ወይ?» ብሎ መጠየቅ ምን የሚሉት ጭካኔ ነው?

ጀማል ጎኔን ነካኝ። «የመጣህበትን ተናገር። ዘለህ አትለፍ።»

ተናገርኩ። በአማርኛ ተናገርኩ። «አባባ፣ ስድስት ዓመት በአፍዎ ስናገር ኖርኩ። አልጠየቅኩዎትም። እምቢ ካሉ ዛሬ አቆማለሁ።» ጀማል ወደ እንግሊዝኛ፣ ልጅቷ ወደ ኮሪያኛ መለሱት።

ሽማግሌው ብልቃጡን ከፍቶ በጣቱ ጫፍ ቀመሰ። ፈገግ አለ። ከዚያ ወንበሩን አስተካክሎ ቀጥ ብሎ ተቀመጠና ጣቱን ወደ እኔ ቀሰረ። ሁለት አጭር ትንፋሽ ሳበ።

ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ። ኮሪያኛ አልችልም። ያንን ከንፈር ግን አውቀዋለሁ፤ ያቺን ትዕይንት ስቱዲዮ ውስጥ ስንት ጊዜ እንደደጋገምኳት እግዜር ይወቀው። የት እንደሚገጥም፣ የት እንደሚከፈት አውቃለሁ። አፌ ከእኔ ቀድሞ ተነሳ።

«ሂጂ ልጄ። ወንዙን እኔ እጠብቀዋለሁ። ወደ ኋላ ካየሽ ጀልባው ይከብደኛል።»

እኩል ጀመርን፣ እኩል ጨረስን። ልጅቷ ግድግዳውን ተደግፋ አለቀሰች። አባቷ አፉን ሲከፍት ድምፅ አብሮ ሲወጣ የሰማችው ከሁለት ዓመት በኋላ ገና አሁን መሆኑን የነገረችን ኋላ ላይ ነው። ጀማልም አለቀሰ፤ ይህን ጊዜ ውሸት ነው የሚል አልነበረም።

ፒዮ መዳፉን ጉሮሮዬ ላይ አሳረፈና በዓይኑ «ድገመው» አለኝ። ደገምኩት። ንዝረቱን ዓይኑን ጨፍኖ አዳመጠ። ከዚያ ለልጁ በከንፈሩ ነገራት፣ እሷም አስተላለፈችልን። አዲሱን ድራማ ሲቀርጹ በመጨረሻዎቹ ክፍሎች ድምፁ ጠፍቶ ነበር፤ በራሱ አገር፣ በራሱ ቋንቋ፣ ሌላ ተዋናይ ነው የተናገረለት። እሱን አስፈቅዶ አልነበረም።

«ሊጠይቀኝ የመጣ አንተ ብቻ ነህ ብሏል» አለች። «ቀጥል ብሏል።»

ራሴን ዝቅ አድርጌ መዳፉን ሳምኩ። ያለ ድምፅ መረቀኝ፤ እኔ አሜን አልኩ።

መመለሻ

ጀማል ኤርፖርት ድረስ ሸኘኝ። ልንለያይ ስንል፣ «ካምደን ውስጥ የሐበሻ ልጆች ቲያትር ይለማመዳሉ አሉ። ሃያት ቼክ አድርጋለች። እስቲ አንድ ቀን አያቸዋለሁ» አለኝ። ትከሻ ለትከሻ ተሳሳምን።

አዲስ አበባ በገባሁ ሳምንት ሥራ ጀመርኩ። ጓደኞቼ አሁንም «የሰው አፍ ተከራይ» ይሉኛል። ተከራይ አይደለሁም። ጉዞው ያስተማረኝ ይሄንኑ ነው፤ የያዝኩት አደራ ነው፣ አደራ ደግሞ ባለቤቱ ፊት ቆመው ሲቀበሉት ሌላ ነው።

የመጨረሻዎቹ ክፍሎች ላይ ስንደርስ በጆሮ ማዳመጫው የማላውቀው ሰው ድምፅ መጣ፤ ጎርናና፣ የሚያምር፣ የሱ ያልሆነ። አውልቄ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት።

«ጋሼ፣ ኦሪጅናሉን ድምፅ ሳትሰማ እንዴት ከአፉ ጋር ገጥመህ ትገባለህ?» አለኝ የድምፅ ባለሙያው።

«ኦሪጅናሉ ያውልህ» አልኩት፣ የሽማግሌውን ከንፈር እያሳየሁት።

ስክሪኑ ላይ ፒዮ ሁለት አጭር ትንፋሽ ሳበ። እኔም ሳብኩ።