እትዬ አስካለ ያላለቀሰችው ለቅሶ

እህቴን እትዬ አስካለን አዲስ አበባ አምጥቼ ለስፔሻሊስት ላሳያት ብዬ ከላምበረት መናኸሪያ በጠዋት ተሳፈርኩ። እትዬ ሸዋ ሮቢት ሽንኩርት ትነግድ ነበር። አምና ክረምት ልጇ ጌትነት ሽንኩርት ሊጭን ጀውሃ ሄዶ ወንዙን ሲሻገር ደራሽ ውሃ ወሰደው። ከዚያ ወዲህ “የድብርት ሕመም ነው” ተብላ መድኃኒት ትወስዳለች፤ ከአልጋ አትወርድም።

ጣርማ በር ላይ ጉሙ ዋሻውን ሸፍኖት ሾፌሩ መብራት አብርቶ አዘገመ። ደብረ ሲና ቆሎ ገዛሁ። ቁልቁለቱን ስንወርድ ሹራቤን አወለቅኩ፤ ሸዋ ሮቢት ስደርስ ሙቀቱ ፊት ይለበልባል።

እትዬ መስኮቱን ዘግታ ተኝታለች።

“ሐኪሙ ምን አለሽ?” አልኳት።

“ትተኛለሽ ወይ፣ ትበያለሽ ወይ አለኝ። የልጄን ስም ግን አልጠየቀኝም።”

መድኃኒቱ እንቅልፍ እንደሰጣት አልካደችም። ግን አስከሬኑ ስላልተገኘ ቀብር አልነበረም። ዘመዶቻችንም ሕመሙ ይብስባታል ብለው ወንዙ ዘንድ እንዳትሄድ ከልክለዋታል።

“አዲስ አበባው ይቆይ። መጀመሪያ ጀውሃ ውሰጂኝ” አለችኝ።

ጀውሃ

በማግስቱ በሚኒባስ ሄድን። ወንዙ ጎድሎ ድንጋዩ ይታያል። እትዬ ዳር ላይ ቆማ “ጌትዬ!” ብላ ጮኸች። ከማሳው አንድ ሽማግሌ መጥተው ማን እንደሞተባት ጠየቁኝ፤ ነገርኳቸው።

“አላህ ይዘንለት” አሉ። “መንደሩ ሙሉ ወጥቶ ፈልጎታል። እኔም ከልጆቼ ጋር እስከ ታች ወርጃለሁ። አጣነው እንጂ አልተውነውም።”

“አንቱም ፈልገውት ነበር?” ብላ እግራቸው ላይ ወደቀች። አንስተዋት አጠገቧ ተቀመጡ።

“ምን ዓይነት ልጅ ነበር?” አሏት።

ሲስቅ አፉን በእጁ እንደሚሸፍን፣ ከገበያ ሲመለስ ከሩቅ እየተጣራ እንደሚመጣ ነገረቻቸው። ማሳ ላይ የነበሩ ሴቶች መጥተው ከበቧት። ደረቷን እየመታች አለቀሰች፤ እነሱም ጌትነትን ሳያውቁት አለቀሱለት። ተነሺ፣ ይበቃሻል ያላት ሰው አልነበረም።

መመለስ

እትዬ ከእኔ ጋር አዲስ አበባ አልመጣችም። “መድኃኒቴን አልተውም፤ ሐኪምም ካስፈለገ እሄዳለሁ። አሁን ግን ልጄን ላልቅስ” አለች። ብቻዬን ተመለስኩ። እሷን ለማሳከም ስንሯሯጥ ሐዘኗን የሚሰማት ሰው እንዳሳጣናት የገባኝ መንገድ ላይ ነው።

ቤቴ እንደገባሁ ደወለች።

“በሰላም ገባሽ?” አለችኝ። ልጇ ከሞተ ወዲህ ስለ ሌላ ሰው ስትጠይቅ ስሰማት የመጀመሪያዬ ነው።

“ገባሁ፣ እትዬ። አንቺስ?”

“እኔ እያለቀስኩ ነው፤ አትደንግጪ።”

አልደነገጥኩም። ስልኩን ሳልዘጋ አብሬያት አለቀስኩ።