ራቁቱን የሚገባው ብሎን

ክሊኒካችን ውስጥ የጥርስ ሐኪሙ እኔ ነኝ፤ አዛዧ ግን እትዬ ናት። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ መሣሪያ አጥባ፣ በጨርቅ ጠቅልላ፣ በእንፋሎት ቀቅላለች። እጁን ሳይታጠብ ትሪዋን የነካ ወዮለት! እኔን እንኳ ሁለቴ መልሳ አስታጥባኛለች፤ አንዴማ በሽተኛ ፊት።

ይቺው ቁጡ ሴትዮ ስትስቅ ግን አፏን በመዳፏ ትሸፍናለች። የፊት ጥርሷ ከወለቀ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። "በዚህ ዕድሜዬ ለማን ብዬ?" ስትል ኖራ፣ የልጅ ልጇ "አያቴ፣ ስትስቂ ለምን ትደበቂኛለሽ?" ብትላት አንጀቷን በላቻትና ጥርስ ላስተክል አለች። ችግሩ፣ መንጋጋዋ ስስ ነው፤ ጥርሱን የሚሸከመው የቲታኒየም ብሎን የገባበት ቦታ ካመረቀዘ ሁለተኛ ዕድል የለም።

በዚያው ሳምንት አዲስ ዕቃ መጣልን፤ ብሎኑ ከመተከሉ በፊት ላዩ ላይ ያለውን ባክቴሪያ በብርሃን የሚገድል የአልትራቫዮሌት ሳጥን። እትዬ ዞር ዞር ብላ አየችው።

"ሳይፈላ፣ በመብራት ብቻ? እንዲህማ ከሆነ የመንገዱ አምፖል ከተማውን በፈወሰው!"

የመጀመሪያዋ ታካሚ እሷው ሆነች። "የኔን ብሎን ማንም አይነካውም" ብላ ራሷ ሳጥኑ ውስጥ ከትታ፣ መብራቱን አብርታ ወንበሩ ላይ ተጋደመች። ሰዓቱ ሲሞላ ብከፍተው፣ ብሎኑ በነጭ ፋሻ ጥቅልል ብሎ ተቀምጧል።

"እትዬ፣ ምንድን ነው ይሄ?"

"ለሰው አንድ ዙር እጠቀልላለሁ። የራሴ ስለሆነ ሁለት አደረግኩት።"

ሳቄ መጣ፤ ግን ደንግጬም ነበር። ሌላ ሰው ፈትቶ በትሪ ቢያቀርብልኝ በምን አውቅ ነበር?

"እንፋሎት ጨርቅ አልፎ ይገባል። ብርሃን ግን ያላገኘውን አይገድልም" አልኳት።

ተሳስቶ የማያውቅ ሰው ሲሳሳት ያሳዝናል። እትዬ ከወንበሩ ተነሳች፤ ታጥባ፣ ጓንት አጥልቃ ፋሻውን ፈታችና ብሎኑን ወደ ሳጥኑ መለሰችው።

"በል እንግዲህ፣ ራቁትህን ቁም!" አለችው።

ብሎኑ ያዘ። ከአራት ወር በኋላ ጥርሱን ገጥሜላት መስታወት ሰጠኋት። አየች፤ ሳቀች፤ መዳፏም እንደ ልማዷ ወደ አፏ ሄደ።

"እትዬ፣ ፋሻውን ፍቺው እንጂ!"

እጇ መሃል ላይ ቆመ። ቀስ ብላ አወረደችውና ጥርሷን ሁሉ እያሳየች ሳቀች። እኔም ዓይኔ እንባ አቀረረ።

"መስታወቱን ግን" አለችኝ ሳቋን ሳታቆም፣ "ሳትታጠብ ነው የያዝከው።"

ደስ እያለኝ ሄጄ ለሦስተኛ ጊዜ ታጠብኩ።