አየር ያለቀበት አውሮፕላን በእናቴ ግቢ

ሐሙስ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ መምህራችን «አንቺ ሞተሻል» አሉኝ።

የበረራ አስተናጋጅነት ሥልጠና ላይ ነበርን። ከፍታ ላይ አየር ከአውሮፕላኑ ሲያመልጥ የኦክስጅን ጭንብሎች ከላይ ይወርዳሉ። አስተናጋጇ ቅርቧ ያለውን መጀመሪያ ለራሷ አጥልቃ፣ ተቀምጣ፣ ተሳፋሪውን ጮሃ ታዛለች። በጽሑፍ ፈተናው ይህን አንድም ሳልስት መልሻለሁ። በተግባር ግን፣ መምህሩ ተሳፋሪ ሆነው ከፊቴ ሲቀመጡ፣ ጭንብሉን በሁለት እጄ ይዤ ጎንበስ አልኩና «እርስዎ ይቅደሙ» አልኳቸው።

«ሰው ማክበርሽ ጥሩ ነው። ራስሽን ስተሽ ስትወድቂ ግን ተሳፋሪውን ማን ያድነው? ነገ ጠዋት ትደግሚዋለሽ። ካቃተሽ ሌላ ሥራ ፈልጊ።»

ልደታ ቤታችን ስደርስ እናቴ ፊቴን አይታ ሁሉንም አስለፈለፈችኝ። ወዲያው ግቢው ውስጥ ወንበርና በርጩማ በሁለት ረድፍ ደርድራ ጎረቤቶችን አሳፈረች። ከራሳቸው በላይ፣ የልብስ ገመዱ ላይ፣ የአባቴ የታጠቡ ካልሲዎች ተሰጥተው ነበር። ጭንብሎቹ እነሱ ሆኑ።

«አየር አለቀ!» አለች እናቴ።

«እባካችሁ... ጭንብል...» አልኩ፣ ለራሴም በማይሰማ ድምፅ።

ማንም ለራሱ አላደረገም። እማማ የምንላቸው አዛውንት ጎረቤታችን ካልሲያቸውን አጠገባቸው ላለው ጫማ ሰፊ ዘረጉለት።

«ኧረ በልደታ! እርስዎ እያሉ?»

«አንተ የልጆች አባት ነህ። በሞቴ!»

«እኔ ልሙት፣ አይሆንም!»

በዚህ አያያዝ ሁለቱም እንደማይተርፉ ግልጽ ነበር።

የግቢው በር ተከፈተና የቀበሌው አብዮት ጥበቃ ጠመንጃውን አንግቦ ገባ።

«ይሄ የምን ስብሰባ ነው? ማን ፈቀደ?»

ሁሉም ካልሲውን እንደያዘ ወደ እናቴ ዞረ።

«አውሮፕላን ነው» አለች እናቴ።

«ወዴት የሚሄድ?»

በዚያን ዘመን ይህ ቀላል ጥያቄ አልነበረም።

«ድሬዳዋ!» አሉ እማማ ፈጠን ብለው።

«እህ፣ አገር ውስጥ ነው» አለና ጠመንጃውን ጭኑ ላይ አጋድሞ ባዶው በርጩማ ላይ ተቀመጠ።

እናቴ እንደገና አየሩን ጨረሰችው። ጥበቃው ብድግ ብሎ ካልሲ አወረደና «ይቅደሙ እማማ» አለ።

«ኧረ አንተ ቅደም፣ ሲጠብቀን የሚያድር ልጅ!»

የነገው ፈተና ታየኝ። አንድ ካልሲ ከገመዱ መንጭቄ አፍንጫዬ ላይ ደቀንኩና «ተቀመጥ! መጀመሪያ ለራስህ!» ብዬ ጮህኩበት።

ዱብ አለ። ካልሲውን እስከ ዓይኑ ድረስ ደፋው። ጠመንጃ በያዘ ሰው ላይ መጮሄ የገባኝ ከዚያ በኋላ ነው።

ከካልሲው ሥር «እሺ» የሚል ድምፅ ወጣ። «መቼ ነው የምናርፈው?»

በማግስቱ ጠዋት ጭንብሉ ሲወርድ ቀድሜ ለራሴ አጠለቅሁ፣ ተቀመጥኩ፣ ጮህኩ። መምህሩ ፈገግ ብለው አንድ ነገር ሊሉኝ ጭንብላቸውን ገለጥ አደረጉ። ፈተናው አልቋል ያለኝ ሰው ግን አልነበረም።

«ይመልሱት!» አልኳቸው።

መለሱት።