ባዶው ወንበር

ወታደሩ ከኋላዬ ገፍቶ እስር ክፍሉ ሲያስገባኝ መጀመሪያ ያየሁት ሰዎቹን ሳይሆን ግድግዳውን ነው። አሥራ አንድ ሰው በታጨቀበት ክፍል፣ ከሽንት ባልዲው በላይ፣ የጋዜጣ ቁርጥራጭ ተለጥፏል። ከቤት የሚመጣልን ምግብ በጋዜጣ ተጠቅልሎ ነበር የሚገባው። ፈታሾቹ ደብዳቤ ፍለጋ ይቦጫጭቁታል፤ አንድ ሽማግሌ የጂኦግራፊ መምህር ደግሞ ቅዳጁን ይለቃቅማሉ። ማጣበቂያቸው አላምጠው የተፉት ዳቦ ነው።

ሲጨርሱት ሥዕሉ እንዲህ ነበር፤ መሃል ላይ ከቤት ዕቃ ማስታወቂያ የተቀደደ ባዶ ወንበር፣ ዙሪያውን ከስብሰባ ፎቶዎች የተለቀሙ የሚያጨበጭቡ እጆች። ሰው የሚባል የለበትም።

«ምን ይታያችኋል?» ብለው ጠየቁን፣ አንድ ከሰዓት በኋላ የመጨረሻውን እጅ ለጥፈው።

አብሮን የታሰረ አንድ ሾፌር «ሠርግ ነዋ! ሙሽራው ቀርቶ» አለና አሳቀን። አንድ ገበሬ ግን ትክ ብሎ አየውና «ለቅሶ ነው» አለ።

እኔ ያኔ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ፤ አፌ ከጭንቅላቴ ይቀድማል። «ኧረ ጋሼ፣ ይሄማ ሥልጣን ነው! ማንም ይቀመጥ ማን፣ ሕዝቡ ያጨበጭባል» አልኩ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ።

እሳቸው ፈገግ አሉ።

«እኔስ ወገቤን ቢያመኝ ነው ወንበር ያማረኝ። ግን አንተ ካየኸው አለ ማለት ነው። እኔ ወረቀት ነው የምለጥፈው፤ ሐሳቡን ይዞ የሚመጣው ተመልካቹ ነው።»

ከሦስት ቀን በኋላ የእስር ቤቱ ኃላፊ ሁለት ዘበኞች አስከትሎ ገባ። ከመካከላችን አንዱ ነግሮ ነበር፤ ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም። ወንበሩን በዱላው ጫፍ ነካ አደረገው።

«ሥልጣን ነው ተብሏል አሉ። ማነው ያለው?»

ሁሉም መሬት መሬት ያያል። ልናገር ስል ቀደሙኝ እያልኩ ለብዙ ሰው አውርቻለሁ። ውሸት ነው፤ ልናገር አልነበረም።

መምህሩ ግድግዳውን ተደግፈው ተነሡ።

«የሠራሁት እኔ ነኝ። ትርጉሙም የእኔ ነው።»

«ሥልጣን ነው?»

«ሥልጣን ነው።»

የኮታቸውን ቁልፎች አንድ በአንድ ቆለፉ። ብርድ ልብሳቸውን አጥፈው ጭኔ ላይ አኖሩትና «ያዝልኝ ልጄ» አሉኝ። ቀና ብዬ ላያቸው አልቻልኩም። ተመልሰው አልመጡም።

በማግሥቱ ግድግዳውን እንድንፍቅ ታዘዝን። ገበሬው እጁን አጣጥፎ ተቀመጠ፤ ሌሎቻችንም እንደሱ። ዘበኛው እየተሳደበ ራሱ ፋቀው።

ዛሬ የምኖረው ኖርዌይ፣ ኦስሎ፣ ሊንደበርግ የሚባል ሰፈር ነው። ባለፈው ሳምንት ልጄ ትምህርት ቤት ከወረቀት ቅዳጅ ለጣጥፋ የሠራችውን ኮላጅ የወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ዘረጋችው፤ የባቡር መስኮት፣ ከመስኮቱ ውጭ አንድ ትልቅ ዓሣ።

«አባዬ፣ ምን ይታይሃል?»

ወዲያው ታየኝ። አፌን ያዝኩ።

«አንቺ ንገሪኝ» አልኳት።

«ናይ!» አለች፣ በኖርዌይኛ «አይ!» ማለቷ ነው። «ሁልጊዜ እንደዚህ ነው የምትለው። አንድ ቀን እንኳን አትነግረኝም» ብላ አኩርፋ ክፍሏ ገባች።

ሐሳቤን አለመናገሬ ለሰው ትዕግሥት ይመስለዋል። ፍርሃት ነው። እሷ ግን የኔ ፍርሃት ዕዳ የለባትም፤ ስለዚህ ስታድግ ታነበው ዘንድ ይህን ጻፍኩ። ያን ቀን ሥልጣን ነው ያልኩት እኔ ነኝ። ጋሼ አይደሉም።