የቦርቧሪው ድርሻ

እህቴ ከዓረብ አገር ስትመለስ ከደሴ የመጣው ሚኒባስ መካነ ሰላም መናኸሪያ አወረዳት። የያዘችው አንድ ፌስታል ነበር። ሳቅፋት እጄ ላይ የቀረው አጥንት ብቻ ነው። ቤት ገብታ ተኛችና ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። ጎረቤት ተሰብስቦ ዱዓ አደረገላት፤ ክርስቲያን ጎረቤቶቻችንም መጥተው አሚን አሉ። እሷ ግን ቃል አልወጣትም። እናቴ በማንኪያ አፏ ካላደረሰችላትም አትቀምስም ነበር።

እናቴ ገበያ ስትወጣ ከእህቴ አጠገብ የምቀመጠው እኔ ነኝ። ስልክ እጠግናለሁ፤ የተበላሹትን ይዤ አልጋዋ ሥር እሠራ ነበር። ጨዋታ አላውቅም። የማውቀው፣ ትምህርት ካቆምኩ ጀምሮ በሐሳቤ ስገነባው የኖርኩትን አገር ነው፤ በአንድ አምባ ሆድ ውስጥ የሚኖሩ ድንኮች አገር። ለማንም ነግሬ አላውቅም። ዝምታው ሲከብደኝ ለእሷ ጀመርኩላት፤ ዋሻቸው ምን ያህል እንደሚሰፋ፣ መብራታቸው በምን ሞራ እንደሚነድ፣ ውሃው በየትኛው ቦይ እንደሚወርድ።

«ጭሱ በየት ይወጣል?» አለች።

ከመጣች የመጀመሪያ ቃሏ ነበር። የጭሱን ነገር አላሰብኩትም። የዚያን ዕለት ስንነጋገር ቆይተን ጭስ ማውጫ አበጀንላቸው።

ከዚያ በኋላ በየቀኑ ትጠይቀኛለች። ስለ ሃይማኖታቸው የጠየቀችኝም እንዲሁ ነው። ሁለት አማልክት እንዳሏቸው ነገርኳት። ገንቢው ዓለምን ድፍን አለት አድርጎ ሠራት፤ ቦርቧሪው ደግሞ ገብቶ በላት። እህል የገንቢው ነው፣ ረሃብ የቦርቧሪው። ድንኮቹ ቦርቧሪውን መርገም አይችሉም፤ የሚኖሩት እሱ በበላው ባዶ ውስጥ ነውና።

«ጥሩው ገንቢው ነው?»

«አዎ።»

«ታዲያ ለምን አያሸንፈውም?»

«እኩል ናቸው። አንዱም አንዱን አያሸንፍም።»

«ይሄስ እውነት ነው» አለች።

በማግስቱ እናቴ ማንኪያውን ስታቀርብላት አፏን ገጠመች። በዚያም ቀን፣ በሚቀጥለውም አልቀመሰችም። ለብቻችን ስንሆን ምክንያቷን ነገረችኝ። ትሠራበት በነበረው ቤት ወጥ ቤቱን እየቆለፉባት፣ ለአንድ ቁራሽ ዳቦ ሌባ ይሏት ነበር።

«እኔን ቦርቡሮኛል፤ የሱ ነኝ» አለች። «የገንቢውን እህል ብበላ አሁንም ሌባ ነኝ።»

ይህን ሕግ እኔ አላወጣሁትም፤ ከሃይማኖቱ ጋር ግን በደንብ ይገጥማል። ደነገጥኩና ታሪኩን ልለውጥ ሞከርኩ።

«ዛሬ እኮ ገንቢው አሸነፈ።»

«ውሸታም! እኩል ናቸው አላልክም? ሃይማኖት እንደ ስልክ ይፈታታል እንዴ?»

አባቴ በጓሮው ክፍል የሰፈር ልጆችን ቁርዓን ያቀራሉ። ግድግዳው ስስ ነው፤ ሰምተው ገቡ።

«ሁለት አምላክ? በኔ ቤት?»

«አባባ፣ ተረት ነው» አልኳቸው።

«ተረት ሰው አያስርብም!»

እሷን አዩ፤ እኔን አዩ። በማግስቱ ልጆቹን ሸኝተው አጥሚት ራሳቸው በኩባያ ይዘው መጡ። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ። ለደረሳዎቻቸው የሕግ ጥያቄ ሲያቀርቡ እንደሚያደርጉት አንገታቸውን ዘንበል አደረጉ።

«ልጄ፣ ሁለቱ እኩል ናቸው ነው የምትይው?»

«እኩል ናቸው።»

«አንቺን የሠራሽ ማን ነው፣ እንደነሱ አባባል?»

«ገንቢው።»

«የቦረቦረሽስ?»

«ያኛው።»

«እንግዲህ አንቺ እንደ ጋራ ላም ነሽ። የጋራ ላም አንዱ ብቻውን ማረድ ይችላል?»

«አይችልም» አለች እህቴ።

«ግማሽሽን ለሱ ተይለት። ግማሽሽ ግን የሌላ ሐቅ ነው። በረሃብ ልትገድዪው አይፈቀድልሽም።»

እህቴ ቀና ብላ ኩባያውን ተቀበለች። በዝግታ ጠጣች፣ እያቆመች መጠኑን እያየች። ግማሹ ላይ ስትደርስ መለሰችላቸው።

«ይሄ የቦርቧሪው ነው። እዚህ ይቀመጥለት።»

አባቴ ኩባያውን ይዘው ቀሩ። እህል መድፋት ሐራም ነው። ለሌላ አምላክ ማስቀመጥ ደግሞ ከዚያ የባሰ፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ ልጆችን ሲያስጠነቅቁበት የኖሩት ነገር ነው። «ቢስሚላህ» ብለው ጨለጡት።

«አባባ! የሱን ጠጡበት እኮ!»

«ከፈለገ እኔን ይጠይቀኝ።»

አንድ ነገር የሚደርስባቸው ይመስል፣ ከክፍሉ እስኪወጡ ዓይኗን ከሳቸው አልነቀለችም።

ነገሩ እስካሁን በዚሁ አለ። ጠዋትና ማታ ግማሹን እሷ ትጠጣለች፣ ግማሹን አባቴ። እናቴ ዘዴ ያገኘች መስሏት፣ ግማሹ ይበዛላታል ብላ አንድ ቀን በትልቅ ጣሳ ብታመጣላት «የዱሮውን ኩባያ አምጪ» አለቻት። አልሞተችም። ሥጋም አልለበሰችም።

ባለፈው አርብ ሰዎች መጥተው፣ አንድ ጎረቤት ታሞ ስለነበር አባቴ ዱዓውን እንዲመሩ ጠየቋቸው። የሰፈሩን ዱዓ ሁልጊዜ የሚመሩት እሳቸው ናቸው።

«ሌላ ሰው ይምራ» አሉ።

«ምነው ሼሁ፣ አመመዎት?»

«ሌላ ሰው ይምራ አልኩ፤ የኔ አፍ ንጹሕ አይደለም።»

አብሬያቸው ሄድኩ። በሩ አጠገብ፣ ከሁሉም ኋላ ተቀመጡ። ሰው ሁሉ እጁን ዘርግቶ አሚን ሲል የሳቸው እጅ ጉልበታቸው ላይ ነበር። ቤት እንደደረስን ወደ እህቴ ክፍል ገቡ፤ ግማሹ የተተወውን ኩባያ አነሱ።